ሜሪላንድ ያለው ሹመት፣ አዲስ አበባ ያለው ወንበር

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ዓምድዎን የማነበው ሥራ ቦታ ሆኜ፣ ኮምፒውተሩ እስኪጨርስ ስጠብቅ ነው። የእኔ ሥራ ብዙ መጠበቅ አለበት።

33 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለትዳር ነኝ፤ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አለን። የዘረመል ምርመራ በሚያደርግ ላብራቶሪ ውስጥ ባዮኢንፎርማቲክስ ሳይንቲስት ነኝ። እናቴ ለጎረቤት ስትናገር "ልጄ አሜሪካ ኮምፒውተር ትሠራለች" ነው የምትለው። ብዙም አልተሳሳተችም። የሕመምተኛው ደም እኔ ጋ አይደርስም። እኔ ጋ የሚደርሰው ማሽኑ ያነበበው ፊደል ነው። ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ፤ ለአንድ ሰው ወደ መቶ ጊጋባይት የሚጠጋ ፋይል። እሱን ቦታ ቦታውን አስይዤ፣ ከማመሳከሪያው ጂኖም (ሌላው ሁሉ ከሚወዳደርበት የሰው ዘረመል ሙሉ ጽሑፍ) የሚለይበትን አወጣለሁ። ከአራት እስከ አምስት ሚሊዮን ቦታ ላይ ይለያል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለሐኪሙ የሚጠቅመውን አንድ ሁለት መስመር ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራው። ስምንት ዓመት ሆነኝ። አንድም ሕመምተኛ ፊት ለፊት አይቼ አላውቅም።

መጋቢት ላይ ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ በኦፕሬሽን ወለደች። በማግስቱ በቪዲዮ ስናወራ ራስጌዋ ያለውን መድኃኒት አየሁት። ትራማዶል የሚባል የህመም ማስታገሻ ነው። ይሄ መድኃኒት ጉበት ውስጥ የሚቀየረው ሲዋይፒ2ዲ6 በሚባል ጂን በኩል ነው። ከእኛ ሰው ውስጥ ቀላል የማይባለው የዚህ ጂን ትርፍ ቅጂ አለው። ትርፍ ያለው ሰው መድኃኒቱን በጣም ቶሎ ወደ ጠንካራው መልኩ ይቀይረዋል፤ ወደ ጡት ወተቱም አልፎ ሕፃኑን ሊጎዳ ይችላል። ይህን ቢሮ ሳውቀው ቁጥር ነበር። እህቴ አልጋ ላይ ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። "ስልኩን ለሐኪምሽ ስጭልኝ" ብዬ ለመንኳት። እግዜር ይስጠው፣ ሳይሰለች ሰማኝ። ሌላ ቀየረላት። ሕፃኗ ደህና ናት። ባይቀየርም ምናልባት ምንም አትሆንም ነበር። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ላይ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። ያገኘነውን ለውጥ ጉዳት ከሌለው እስከ በሽታ አምጪው በአምስት ደረጃ እንመድበዋለን። መሐል ላይ "ትርጉሙ ያልታወቀ" የሚል አለ። የሰው ስም አላይም። ግን ዝርያው ከምሥራቅ አፍሪካ የሆነ ናሙና ሲመጣ ያ መስመር ይበዛል። የምናወዳድርበት ቋት ውስጥ የእኛ ሰው ስለሌለ ነው። ድሮም አውቀው ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ መስመር እህቴን ይመስለኛል።

በዚህ መሐል ሁለት ነገር ባንድ ሳምንት መጣ። አለቃዬ የቡድን መሪነት ሰጠችኝ። ደሞዙ ጥሩ ነው፤ ግን ኮድ መጻፍ ይቀርና ስብሰባ ይሆናል። አዲስ አበባ ደግሞ አንድ የምርምር ተቋም ባዮኢንፎርማቲሽያን እንደሚፈልግ የድሮ ጓደኛዬ ነገረችኝ። ደሞዙ የአሁኑን አንድ አሥረኛ አይሞላም። ለባለቤቴ ስነግረው "አብደሻል? ሞርጌጁን ማን ሊከፍለው ነው? ልጁስ?" አለኝ። እሱ ነርስ ነው፤ ናይት ነው የሚሠራው። ቤት ከገዛን ሁለት ዓመታችን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምናወራው ስለ ወተትና ቆሻሻ ስለሚወጣበት ቀን ብቻ ሆኗል።

እናቴም እያረጀች ነው። አለቃዬ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ትፈልጋለች። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሜሪላንድ

---

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለእህትሽ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" በይልኝ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዱን ጊዜ ለምክሩ ሳይሆን ለራሴ ነው ያነበብኩት። ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት 11 ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ሠርቻለሁ። አንዷ እናት የህመም ማስታገሻውን ይዛ ተመልሳ "ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ ከረሜላ?" ብላኝ ታውቃለች። በሌላ ቀን አንድ አባወራ እየሮጠ መጣና "ሚስቴ አንድ ፍሬ ውጣ ተኝታ አልነቃ አለችኝ" አለኝ። ያው መድኃኒት፣ ያው ካርቶን። እኛ "የሰው ገላ ይለያያል" እንልና ቀጣዩን ደንበኛ እንጠራለን።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ነገሩን ፈልጌ አነበብኩ። እሌኒ አክሊሉና ስዊድን ያሉ ባልደረቦቿ 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው፣ ከመቶ 29 ያህሉ የዚያ ጂን ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስዊድናውያን ዘንድ ይሄ ከመቶ አንድ ወይ ሁለት ሰው ነው። ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ የሚያጠቡ እናቶች ኮዴይን የሚባለውን ማስታገሻና ትራማዶልን እንዳይወስዱ የመከረው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በመሐሉ 21 ዓመት አለ። ከዚያ ውስጥ 11ዱን እኔ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ መደወልሽ ከንቱ ፍርሃት አልነበረም። (ይህን የምታነቡ ሌሎች ግን መድኃኒታችሁን አውጥታችሁ እንዳትጥሉ። ሐኪማችሁን ወይ ፋርማሲስታችሁን ጠይቁ። ይህቺም ልጅ ያደረገችው እሱን ነው።)

ያ ሌሊት የምታውቂው ነገር አዲስ አበባም እንደሚጠቅም አሳይቶሻል። የት መኖር እንዳለብሽ ግን የሚነግርሽ ነገር የለውም። እኔ የሚመስለኝ ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ውጠሻቸዋል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። ስለ ሹመቱ ጻፍሽልኝ፣ ስለ ባለቤትሽ ጻፍሽልኝ፣ ስለ ቤቱ ዕዳ ጻፍሽልኝ። ስለ አዲስ አበባው ሥራ ግን ያለው አንድ ዓረፍተ ነገርና ደሞዙ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ ቢሮ ስትገቢ ምን እንደምትሠሪ ታውቂያለሽ? የማንን ናሙና ነው የምታነቢው? የሰው ነው ወይስ የቲቢ ባክቴሪያ? ሁለቱም ባዮኢንፎርማቲክስ ነው፤ እኔ እንደገባኝ ግን የሥራው ጠባይ ለየቅል ነው። አንቺ ስምንት ዓመት የሠራሽው በሰው ላይ ነው።

ይህን የምለው ከራሴ አይደለም። በዚሁ ሙያ ያለ አንድ ወዳጅ አለኝ። ከአውሮፓ ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ ገባ፣ ሁለት ዓመት ሠራ፣ ተመልሶ ሄደ። ስለ ኢንተርኔትና ስለ መብራት ሊያማርርልኝ ነው ብዬ ነበር። እሱንስ ለምጄው ነበር አለኝ። የከበደው ሌላ ነው። "ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሰዉ ላፕቶፑን ይዞልኝ ይመጣ ጀመር። ቫይረስ አጥፋልኝ፣ ኤክሴሉ አልከፈት አለኝ፣ ፕሪንተሩ ተያዘ። አይቲ ነበር የመሰልኳቸው" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና፣ የሠራው ትንተና ልክ ይሁን አይሁን የሚያይለት ሁለተኛ ሰው እንዳልነበረ ነገረኝ። "ስሳሳት የሚነግረኝ አልነበረም። ትክክል ስሆንም የሚያውቅልኝ አልነበረም" አለኝ። ሲመለስ ያሳሰበው ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነበር።

ስለዚህ ለዚያ ተቋም ከደሞዙ በፊት የምትጠይቂውን ልንገርሽ። ሁለተኛ ባዮኢንፎርማቲሽያን አለ? ከሌለስ ጀማሪ ሁለት ልጆች ሊቀጥሩልኝ ይችላሉ? ሰርቨሩ የማን ነው፣ ሲበላሽ ማን ነው የሚጠግነው? ለሰው ጂኖም ጥናቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አለ? ገንዘቡ የመንግሥት በጀት ነው ወይስ የፕሮጀክት? የፕሮጀክት ከሆነ መቼ ያልቃል? ለሁለት ዓመት ፕሮጀክት ተብሎ የሠላሳ ዓመት ሞርጌጅ ያለበት ቤት አይሸጥም። በነገራችን ላይ ወዳጄ እንደሚለው ማስተርስ ያለው ሰው ትንተናውን ይሠራል፤ ጥናቱን በራሱ ስም ለመምራት ግን ዶክትሬት ይጠየቃል። አንቺ የቱ እንዳለሽ አልጻፍሽልኝም። አጣሪ።

ወደዚያ "ትርጉሙ ያልታወቀ" ወደምትይው መስመር ልምጣ፤ እሱ ላይ ነው የተከዝሽው። ቅሬታሽ እውነት ነው። ዓለም ሁሉ የሚያመሳክርበት የ1000 ጂኖም ፕሮጀክት 2,504 ሰዎች አሉበት፤ ከ26 ሕዝቦች የተወሰዱ ናቸው። የናይጄሪያ ዮሩባ አለ፣ የኬንያ ሉህያ አለ፣ ጋምቢያ አለ። ከኢትዮጵያ የተወሰደ የለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤችስሪአፍሪካ የሚባለው የአህጉሩ ፕሮጀክት የ426 አፍሪካውያንን ጂኖም አንብቦ ከዚያ በፊት ያልተመዘገበ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ለውጥ አገኘ። አስቢው እስቲ፤ አራት መቶ ምናምን ሰው ብቻ ነው። ጉድለቱ ያን ያህል ነው። ነገር ግን ይህ አንቺ ዕቃሽን ጠቅልለሽ በመምጣትሽ የሚሞላ አይደለም። ደም የሚሰጥ ሰው፣ ፈቃድ የሚያስፈርም ነርስ፣ የማይጠፋ ፍሪጅ፣ ዓመታት የሚቆይ በጀት ይፈልጋል። የዚህን ሁሉ ጥፋት በአንቺ ትከሻ ላይ ማን ጫነው?

ያ መድኃኒት ያስቀየረሽ ጂን ግን ለአንድ ሰው አቅም የሚመጥን ሥራ ይመስለኛል። ወዳጄ ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ። አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ አንባቢ እንዲገባው ነው የምጽፈው። ሲዋይፒ2ዲ6 አጠገቡ የማይሠራ መንትያ አለው፤ 2ዲ7 ይባላል። ፊደላቸው ከመመሳሰሉ የተነሳ ማሽኑ በቁርጥራጭ ያነበበውን የማንኛቸው እንደሆነ ይምታታበታል። ቅጂው አንድ ይሁን ሦስት መቁጠር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በተለመደው መንገድ የተሠራ ትንተና ትርፉን ቅጂ ሳያየው ያልፋል። ለዚህ ተብለው የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ። ደቡብ አፍሪካ ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የሠሩት ስቴላርፒጂኤክስ አንዱ ነው፤ በነፃ ይገኛል። እንግዲህ አንቺ ይህን የምታውቂ፣ ከመቶ 29 ሰው ትርፍ ቅጂ የተገኘበት አገር ልጅ ነሽ። ለአዲስ አበባው ተቋም "ቅጠሩኝ" ከማለትሽ በፊት "እጃችሁ ላይ ያለ የጂኖም ዳታ ካለ በሦስት ወር ውስጥ ይህን ጂን አብሬያችሁ ልቁጠረው" ብትያቸውስ? ማታ ማታ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ። ዳታው ከአገር አይውጣ፤ አንቺ እነሱ ሰርቨር ላይ ገብተሽ ሥሪ። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷልና በሕጉ መሄድ ይሻላል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሁለት ልጆች በቪዲዮ አስተምሪ። ኤችስሪኤባዮኔት የሚባለው የአፍሪካ መረብ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያደረገው ይህንኑ ነበር። አስተማሪው በቪዲዮ፣ ተማሪው በየአገሩ ክፍል ውስጥ አንድ ላይ፣ አጠገባቸው ረዳት።

ሦስት ወሩ ብዙ ይነግርሻል። ለኢሜይልሽ ይመልሳሉ ወይስ አይመልሱም? ልጆቹ ሁለተኛው ቅዳሜም ይመጣሉ? አንቺስ ከስምንት ሰዓት ሥራ በኋላ ላፕቶፑን ስትከፍቺ ደስ ይልሻል ወይስ ይደክምሻል? ከመጀመርሽ በፊት ግን የአሁኑን የሥራ ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ። ከሥራ ሰዓት ውጪ የምትጽፊው ኮድ የማን እንደሆነ የሚል አንቀጽ ሊኖርበት ይችላል። ካለ አስቀድመሽ አለቃሽን በጽሑፍ አስፈቅጂ።

አለቃሽንማ እሺና እምቢ ብቻ አትበያት። "ኮዱን ሳልተው የምመራበት መንገድ አለ?" ብለሽ ጠይቂያት። ብዙ ቦታ ሰው ሳያስተዳድሩ በሙያ ብቻ የሚያድጉበት መሰላል አለ። ሐምሌ ላይ አንድ ወር ያለ ደሞዝ ፈቃድ ይሰጡሽ እንደሆነም አብረሽ ጠይቂ። ሹመት ሲሰጡሽ ነው የሚሰሙሽ፤ ከተቀበልሽ በኋላ አይደለም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። "አብደሻል?" ማለቱ አስከፍቶሻል፤ ገብቶኛል። ቀጥሎ ያለውን ግን መልሰሽ አንብቢው። "ሞርጌጁን ማን ሊከፍለው ነው? ልጁስ?" ሁለቱም መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው። አንቺ ግን "እምቢ" ብሎ እንዳለ ነው የሰማሽው። ሦስተኛ ጥያቄም ያለው ይመስለኛል፣ ያልተናገረው። እሱስ አዲስ አበባ ምን ሊሆን ነው? በደብዳቤሽ ውስጥ እሱ እዚያ ስለሚሠራው ሥራ አንድ ቃል የለም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አድሮ ቤት የገዛ ሰው፣ "እኔ እዚያ ማን ነኝ?" ቢል አይፈረድበትም። ነገሩን ነገርሽው እንጂ እስካሁን አላማከርሽውም።

ከናይት ወጥቶ ሲመጣ አታንሺበት፤ ያን ሰዓት ማንም ደግ አይደለም። ዕረፍቱ በሆነ ቀን፣ ልጁን ለሰው ሰጥታችሁ፣ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። ቤቱ ቢከራይ ስንት ያመጣል? አዲስ አበባ የልጁ ትምህርት ቤት በዓመት ስንት ነው? የእሱ ፈቃድ እዚያ ይሠራል? ዜግነት ቀይራችሁ ከሆነ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ የሎው ካርድ የምንለው፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል። ቁጥሩን እሱ ይጻፍ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ስሚ። የዚያን ቀን አትወስኑ። ብቻ ከወተትና ከቆሻሻው ቀን ወጥታችሁ አውሩ።

የመጨረሻው ስለ እናትሽ ነው። "እናቴም እያረጀች ነው" አልሽና አለፍሽ። ሦስት ጊዜ ሳነበው ሦስቴም እዚያ ላይ ቆምኩ። ምናልባት ከሁሉም የሚከብድሽ እሷ ትሆን? ከሆነች እናቴ ናት በይ። ለባለቤትሽም እንደዚያው ንገሪው። እናት ስትናፈቅ "ሳይንስ ጠራኝ" ብሎ መሄድ ኋላ ያስቸግራል፤ ሥራው ያልጠበቅሽውን ሲሆን የምትቀየሚው ሥራውን ይሆናል። ለእናት ሲሆን ደግሞ መንገዱ ብዙ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ መምጣት አለ፣ እሷን ክረምት ክረምት መውሰድ አለ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ መመለስም አለ።

ሐምሌ ላይ ከመጣሽ ልጅሽን ይዘሽ ነይ። ተቋሙንም በአካል እዪው፤ ጓደኛሽ ሳታስጎበኝሽ ብቻሽን ሂጂና ወንበርሽ የት እንደሚሆን ጠይቂ። ደግሞ ለእናትሽ ሥራሽን ቁጭ ብለሽ አስረጃት። ስለ ፊደሉና ስለ ጊጋባይቱ ተይው። "የእህቴን መድኃኒት ያስቀየርኩት በዚህ ሥራ ነው" በያት፤ ይገባታል። በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ መድኃኒቱን በፌስታል ይዞ በር ላይ ቢሰለፍ ግን በእኔ አታሳቢ።